ከክትባቱ የጎደለው

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልዲያ የሚያቀና መንገደኛ ሐይቅን ካለፈ በኋላ የአምባሰልን ተራሮች እያየ ውጫሌ ይደርሳል። የከተማዋ ስም በታሪክ የሚነሳው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ይህ ታሪክ ግን ከጤና ጣቢያ ይነሳል። እዚያ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ጤና ጣቢያ ሁሉ፣ ገና የተወለደ ሕፃን ክንዱ ላይ ቢሲጂ የተባለውን ክትባት ይወጋል። ከሳምንታት በኋላ የተወጋው ቦታ ያብጣል፣ ትንሽ ይመግላል፣ ይደርቅና ጠባሳ ይሆናል። መርፌው ያስገባው ነገር ሕይወት ያለው ባክቴሪያ፣ ያውም የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አምጪው የቅርብ ዘመድ ነው። ታዲያ ሕፃኑን ለምን አይገድለውም? ክትባቱን የሠሩት ሁለት ሰዎች ይህን ሳያውቁ ሞቱ። መልሱ እስኪገኝ 80 ዓመት ያህል ፈጀ፤ ፍለጋው ከፈረንሳይ ተነስቶ በዴንማርክና በአሜሪካ አልፎ አዲስ አበባና ወሎ ድረስ ዘለቀ።

ነገሩ የተጀመረው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ሊል በምትባል ከተማ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሙ አልበር ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚል ጌራን ከላም የተገኘ የቲቢ ባክቴሪያ በድንች ላይ ያሳድጉ ነበር። ባክቴሪያው በሰም የተለበጠ ያህል ስለሆነ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ሥራቸውን አስቸገረ። እንዲበታተንላቸው ብለው በማሳደጊያው ላይ የበሬ ሐሞት ጨመሩበት። ሐሞቱ የታሰበለትን ሠራ፤ ያልታሰበ ነገር ግን ተከተለ። ባክቴሪያው እያደር ኃይሉ ደከመ።

ሌላ ሰው ቢሆን የደከመውን ጥሎ አዲስ ይጀምር ነበር። ካልሜትና ጌራን ግን ተከተሉት። ከ1908 ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ባክቴሪያውን ወደ አዲስ ማሳደጊያ ያዛውሩት ጀመር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ሊል በጀርመን ጦር ተያዘች፤ እነርሱ ግን ማዛወራቸውን አላቆሙም። 13 ዓመትና 230 ዝውውር ካለፈ በኋላ ባክቴሪያው እንስሳትን ማሳመም ተስኖት ተገኘ። በ1921 ፓሪስ ውስጥ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ለሞተችበት አንድ ሕፃን በአፉ ተሰጠው፤ ሕፃኑም በጤና አደገ። ባክቴሪያው በዚያ ረጅም መንገድ ላይ አንድ ነገር ጥሎ ነበር። ምን እንደጣለ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ የጣለውን አንድ ቀን መልሶ እንደማያነሳም ማረጋገጥ የሚችል አልነበረም።

የተፈራው ደረሰ ተባለ። በ1930 በጀርመን ሉቤክ ከተማ ክትባቱ የተሰጣቸው ሕፃናት በተከታታይ መታመም ጀመሩ፤ ከ70 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ካልሜት ቀሰረ፤ ባክቴሪያው ወደ ጥንት ክፋቱ ተመልሷል ተባለ። ምርመራው ሲጠናቀቅ የተገኘው ሌላ ነበር። ክትባቱ በተዘጋጀበት ላቦራቶሪ ውስጥ ኃይሉ ያልደከመ የቲቢ ባክቴሪያ ተቀላቅሎበት ኖሯል። ቢሲጂ ነፃ ወጣ። ሐዘኑ ግን ካልሜትን አልለቀቀውም፤ በ1933 አረፈ። ክትባቱ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ እንቆቅልሹም አብሮት ዞረ።

እንቆቅልሹ ደግሞ መንታ ነበረው። የውጫሌ ውል በተፈረመ በዓመቱ፣ በ1890፣ የቲቢን ባክቴሪያ ቀደም ሲል ያገኘው ሮበርት ኮህ በርሊን ላይ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ዓለምን አስደሰተ። ቱበርኩሊን ያለው ያ ፈሳሽ ባክቴሪያው ካደገበት ማሳደጊያ የተዘጋጀ ነበር። በሽተኞች ወደ በርሊን ጎረፉ፤ ፈሳሹ ግን አላዳናቸውም። አንድ ጥቅም ብቻ ተረፈው። ቆዳ ሥር ሲወጋ፣ ከባክቴሪያው ጋር የተዋወቀ ሰው ክንዱ ያብጥ ነበር፤ ስለዚህ ፈሳሹ መመርመሪያ ሆነ። ችግሩ የመጣው ከቢሲጂ ጋር ነው። ክትባቱን የወሰደ ሰውም ክንዱ ሊያብጥ ይችል ነበር። ምርመራው የተከተበውን ከተለከፈው መለየት አቃተው። ሕፃናቷን ሁሉ ለምትከትብ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

የፍለጋውን አቅጣጫ የገለበጠው ሰው ፒተር አንደርሰን የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ነበር። በኮፐንሃገን ስታተንስ ሴረም ኢንስቲትዩት ሲሠራ አንድ የቆየ ምልከታ ከንክኖታል። የሞተ የቲቢ ባክቴሪያ የተሰጣቸው እንስሳት እምብዛም አይጠበቁም፤ ሕያው የተሰጣቸው ግን ይጠበቃሉ። እንግዲህ ሕያው ባክቴሪያ የሚያደርገው፣ ሬሳው የማያደርገው ነገር ምንድን ነው? አንደርሰን ሕያው የሆነው አንዳች ነገር ወደ ውጭ ሳይለቅ አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። የቆየ ማሳደጊያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሞተው በፈረሱ ባክቴሪያዎች ቅሪት የተሞላ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምሥጢሩን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ ገና በመባዛት ላይ ሳሉ፣ ከመሞታቸው በፊት፣ ፈሳሹን ብቻ አጣርቶ ወሰደ።

በፈሳሹ ውስጥ ብዙ ፕሮቲኖች ነበሩ። የትኛው ነው ቁም ነገሩ? ለዚህ ዳኛ አድርገው የመረጡት አይጦችን ነበር። አይጦቹ ቲቢ ይዟቸው ታክመው የዳኑ ሲሆኑ፣ ባክቴሪያው ዳግም ሲመጣባቸው የመከላከያ ሕዋሶቻቸው የጥንት ጠላታቸውን ወዲያው ያውቁታል። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኖቹን በመጠን በመጠን ከፋፍለው ለእነዚህ ሕዋሶች አቀረቡላቸው። ሕዋሶቹ በአብዛኞቹ ላይ ብዙም አልተቆጡም። በመጨረሻ ትንንሾቹ ወደተጠራቀሙበት ክፍል ሲደርሱ ግን ቁጣቸው ገነፈለ። በ1995 ያንን የሚያስቆጣ ፕሮቲን ለይተው አወጡት፤ ኢሳት-6 አሉት። ከ95 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራች ኢምንት ነበረች።

ደስታው ብዙም ሳይቆይ ግራ መጋባት ተከተለው። ባክቴሪያ ወደ ውጭ የሚልከው ፕሮቲን እንዲሁ አይወጣም። ኬላ ላይ እንደሚቆም ተጓዥ የይለፍ ወረቀት መያዝ አለበት፤ ይህም በፕሮቲኑ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ የታወቀ የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ነው። የኢሳት-6 መጀመሪያ ተመረመረ። ወረቀት አልነበራትም። የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳ ደግሞ ከብዙ ባክቴሪያዎች ግድግዳ የወፈረ፣ በሰም የተደፈነ ነው። ያለ ይለፍ፣ በዚያ ግድግዳ ውስጥ፣ በምን ወጣች?

ቀጣዩ ፍንጭ የመጣው ይህን ጥያቄ ካልጠየቁ ሰዎች ነበር። በአሜሪካ ሲያትል ግሪጎሪ ማሃይራስ፣ ኬንደል ስቶቨርና ባልደረቦቻቸው የቢሲጂን ዘረ መል ኃይለኛ ከሆነው ዘመዱ ዘረ መል ጋር አስተያዩ፤ የሚፈልጉት የጎደለውን ብቻ ነበር። በ1996 ያገኙትን አሳወቁ። ከቢሲጂ የጎደሉ ቦታዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ግን የተለየ ሆነ። ቢሲጂ ከፈረንሳይ ወጥቶ በየአገሩ ለየብቻ ሲራባ ዝርያዎቹ ተለያይተዋል፤ ይህ ቦታ ግን ከሁሉም ጠፍቷል። ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ቦታው የወደቀው ዝርያዎቹ ከመለያየታቸው በፊት፣ ካልሜትና ጌራን በሐሞት በራሰ ድንች ላይ ሲያዛውሩት በነበሩባቸው በእነዚያ 13 ዓመታት ነው። አርዲ-1 ተባለ። በጠፋው ቦታ ውስጥ ከነበሩት ዘረ መሎች አንዱ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የኢሳት-6 ዘረ መል።

ሁለቱ እንቆቅልሾች አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። መገናኘት ግን ማስረጃ አይደለም። ባክቴሪያውን ያደከመው የዚህ ቦታ መጥፋት ከሆነ፣ ቦታው ሲመለስለት ኃይሉም መመለስ አለበት። ሉቤክ ላይ የተፈራውን ነገር ሆን ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ በተዘጋ ላቦራቶሪ ውስጥ መሞከር የግድ ሆነ።

ሥራውን የያዙት በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ስቱዋርት ኮል በሚመራው ቡድን ውስጥ የነበሩት አሌክሳንደር ፒም፣ ፕሪሲል ብሮዳንና ሮላንድ ብሮሽ ነበሩ። ኮልና ባልደረቦቹ በ1998 የቲቢ ባክቴሪያን ሙሉ ዘረ መል አንብበው ጨርሰው ነበር፤ 4.4 ሚሊዮን ፊደል ያህል፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ዘረ መሎች። የጎደለውን ቦታ በመጠን በመጠን እየቆረጡ ወደ ቢሲጂ መለሱት። አጫጭሮቹ ቁራጮች አሳዘኑ። ቢሲጂ ኢሳት-6ን ማምረት ጀመረ፤ ነገር ግን የተመረተው ሁሉ እዚያው ባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ቀረ። ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ሲፈለግ ጠፋ። አይጦቹም ላይ ለውጥ አልታየም።

ይህ ውድቀት ይመስላል፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ትልቁ ቦታ ይህ ነው። ፕሮቲኗ ተመርታ መውጣት ካልቻለች፣ የጠፋው ፕሮቲኗ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የሚያወጣትም ነገር አብሮ ጠፍቷል። ተመራማሪዎቹ የጎደለውን ቦታ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር አንድ ላይ አድርገው መለሱ። ያን ጊዜ ኢሳት-6 ፈሳሹ ውስጥ ታየች። የባክቴሪያው መንጋ መልኩ ተለወጠ። መከላከያ በሌላቸው አይጦች ውስጥ ያ ለ80 ዓመት ጭምት የነበረ ቢሲጂ እንደገና በረታ፤ የአይጦቹን ጣፊያ አሳበጠ። በ2002 እና በ2003 ያሳተሙት ውጤት የካልሜትን ጥያቄ መለሰ። በሊል የጠፋው፣ ባክቴሪያው ፕሮቲን ወደ ውጭ የሚያወጣበት መሣሪያ ቁራጭ ነበር።

በዚያው በ2003፣ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ሳራ ስታንሊና ጄፈሪ ኮክስ በሌላ አቅጣጫ እዚያው ደረሱ። እነርሱ የያዙት ኃይለኛውን የቲቢ ባክቴሪያ ነበር። ዘረ መሉን በዘፈቀደ እያበላሹ በአይጥ ሳንባ ውስጥ መባዛት የተሳናቸውን ለዩ። ከተሳናቸው መካከል ኢሳት-6ን እያመረቱ ማውጣት ያቃታቸው ተገኙ። ከባክቴሪያው ካልወጣች ፕሮቲኗ አትጠቅመውም ነበር።

የይለፍ ወረቀቱ ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር። ኢሳት-6 ብቻዋን እንደማትሄድ በዚህ መካከል ታውቋል፤ ሲኤፍፒ-10 ከምትባል እኩያዋ ጋር ተቃቅፋ ነው የምትገኘው። የኮክስ ቡድን አባል የነበረችው ፓትሪሺያ ቻምፒየን ከባልደረቦቿ ጋር ይህችን ጓደኛ፣ ሲኤፍፒ-10ን፣ መረመረች። ሁሉም መጀመሪያው ላይ ሲፈልገው የነበረው ወረቀት ጭራዋ ላይ ተገኘ፤ በመጨረሻዎቹ ሰባት አሚኖ አሲዶች። ያችን ጭራ ቆርጠው ሌላ ፕሮቲን ላይ ሲቀጥሉባት እርሱም ወጣ። ይህ በ2006 ታተመ። ኢሳት-6 የወጣችው በጓደኛዋ ይለፍ ነበር።

ሌሎች ባክቴሪያዎችም የየራሳቸው መላ ነበራቸው። የአንጀት ተስቦን፣ ተቅማጥንና ቸነፈርን የሚያመጡት ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና ይርሲኒያ በመርፌ መሰል መሣሪያ ፕሮቲናቸውን በቀጥታ ወደ ሰው ሕዋስ ይወጋሉ፤ የሳልሞኔላን መርፌ ቶሞኮ ኩቦሪና ሆርሄ ጋላን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። የቲቢ መሣሪያ ግን ከእነዚህ ከየትኛውም አልገጠመም። ስለዚህ በ2007 የራሱን ተራ ቁጥር አገኘ፤ ሰባተኛው ዓይነት ተባለ።

መውጣቷ ታወቀ። ወጥታ ምን ትሠራለች? የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ሲገባ ማክሮፋጅ የተባለ የመከላከያ ሕዋስ ይውጠዋል፤ ውጦም በከረጢት ውስጥ ያስረዋል። ባክቴሪያው ከዚህ እስር ይወጣል ወይስ እዚያው ይኖራል የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን የዘለቀ ነበር። በኔዘርላንድ ኒኮል ቫን ደር ቬልና ፒተር ፒተርስ የተለከፉ ሕዋሶችን እንደ ወረቀት አሳስተው ቆርጠው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ከቀናት በኋላ የቲቢ ባክቴሪያ ከከረጢቱ ውጭ፣ በሕዋሱ ዋና አካል ውስጥ ነበር። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም እንዲሁ። ቢሲጂ ግን ከረጢቱ ውስጥ እንደታሰረ ነው። ሕፃኑ የማይታመምበት ምክንያት በዓይን ታየ።

ያን ጊዜ ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ነበር። ኢሳት-6 ብቻዋን ሽፋን ትበሳለች የሚሉ ሙከራዎች ስለነበሩ፣ ከረጢቱን የምትቀደው እርሷ ናት ተባለ። በ2017 ግን በካምብሪጅ የላሊታ ራማክሪሽናን ቡድን ሙከራውን ደግሞ መረመረው። ፕሮቲኗን ለማጥራት ሳሙና መሰል ኬሚካል ጥቅም ላይ ይውል ነበር። ቅሪቱ በደንብ ሲወገድ፣ በፕሮቲኗ የተሳበበው መብሳት አብሮ ጠፋ። ሽፋኑን ሲበሳ የኖረው ሳሙናው ነበር። ከረጢቱ የሚቀደደው መሣሪያው ሲኖርና ባክቴሪያው ራሱ ሽፋኑን ሲነካ መሆኑን አሳዩ። ለዓመታት የታመነበትን ነገር ከሳሙና ጀምሮ መጠርጠር ቀላል ድፍረት አይደለም፤ ሳይንስ የሚከበረውም እንዲህ ሲያደርግ ነው።

ታሪኩ አዲስ አበባ የገባው መሣሪያው ስም ሳይወጣለት ነበር። ቢሲጂ ኢሳት-6 ከሌለው፣ በደሙ ኢሳት-6ን የሚያውቅ ሰው ያወቃት ከክትባቱ ሊሆን አይችልም፤ እውነተኛው ባክቴሪያ ገብቶበታል። የኮህን ፈሳሽ የረታው፣ የተከተበውን ከተለከፈው ያለመለየት ችግር በዚህ ይፈታ ነበር። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አበበች ደምሴ፣ ማርክ ዶኸርቲና ባልደረቦቻቸው ከኮፐንሃገኑ አንደርሰን ጋር ሆነው ይህን በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ፈተኑት። ከቲቢ ታማሚ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ፣ ራሳቸው ግን ጤነኛ የሆኑ ሰዎችን ደም ወሰዱ፤ ሕዋሶቻቸውን ከኢሳት-6 ጋር አገናኙ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው።

ከእነዚያ ጤነኞች አንዳንዶቹ ታመሙ። መዝገቡ ወደ ኋላ ሲገለጥ፣ ከታመሙት አብዛኞቹ ገና ሳያስሉ፣ ገና ሳይከሱ፣ ደማቸው ለኢሳት-6 በኃይል የተቆጣ ነበር። በ2002 የታተመው ይህ ሥራ በቁጥር ጥቂት ሰዎችን የያዘ ነው፤ ያሳየው ግን ትልቅ ነበር። ባክቴሪያው የሚለቃት ፕሮቲን በሽታው ከመገለጡ በፊት ታሳብቅበታለች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ድብቅ ቲቢ የሚፈለግባቸው የደም ምርመራዎች የሚሠሩት በኢሳት-6ና በጓደኛዋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ኢንስቲትዩት ሌላ ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ፣ በተለይ አንገት ላይ የሚያብጥ የዕጢ ቲቢ ከሌላው አገር ይልቅ ይበዛል። ጥሬ ወተት ተጠረጠረ፤ ምናልባት የላም ቲቢ ይሆናል ተባለ። ርቡማ ፊርዲሳ፣ ስቴፋን በርግ፣ አብርሃም አሰፋና ባልደረቦቻቸው ከተለያዩ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ያሰባሰቧቸውን 964 ናሙናዎች ዘር ለዩ። የላሟ ባክቴሪያ ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ጥርጣሬው ወደቀ። ከወልዲያ በመጡት ናሙናዎች ላይ ግን ከታወቁት ከስድስቱ የቲቢ የዘር ሐረጎች ከአንዱም ጋር የማይገጥም ባክቴሪያ በብዛት ተገኘ። ያልተበላሸ፣ ያልተሳሳተ፣ አዲስ ነበር።

በ2013 ሰባተኛው የዘር ሐረግ ሆኖ ለዓለም ተዋወቀ። በዚያው ሰሞን በጅቡቲ የሠራ ሌላ ቡድንም ይኸንኑ አግኝቶ ነበር። ጥንታዊ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይገኝም። በአማራ ክልል በሽተኞችን ያጠኑት ሰሎሞን ይመርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጠባዩን አጤኑ። በላቦራቶሪ ቀስ ብሎ ያድጋል። የያዘውም ሰው ሕክምና ፍለጋ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤቱ ሆኖ ያስላል። በ2017 ፕሮቲኖቹን በዓለም ከተሰራጨው ከአራተኛው የዘር ሐረግ ጋር ሲያነጻጽሩ ከዝግታውና በሽታ ከማምጣት ኃይሉ ጋር የተያያዙ ልዩነቶች አገኙ።

አሁን በስፔን የሳራጎሳ ከተማው ተመራማሪ ካርሎስ ማርቲን ኤምቲቢቫክ የተባለ አዲስ ክትባት ሠርቷል። ካልሜት ሳያውቅ ያገኘውን በዕውቀት የደገመ ነው። ከቢሲጂ የኢሳት-6 ዘረ መል ራሱ ጠፍቶ ነበር፤ በዚህኛው ግን ባክቴሪያው ኢሳት-6ን ያመርታል፣ ማውጣት ብቻ አይችልም። በ2022 በደቡብ አፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በሴኔጋል አራስ ሕፃናት ላይ የመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ተጀምሯል። ክትባቱ የተሠራው ከአራተኛው የዘር ሐረግ ነው። ሰባተኛው የሚኖርበት አገር ሕፃናት ከዚህ ሙከራ ውጭ መቅረት የለባቸውም። ከወልዲያ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ዳር ያሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ የውጫሌው ጭምር፣ ከሚያስል ታማሚ ጋር የሚኖረውን ሰው ደም ወስደው ለኢሳት-6 መቆጣቱን የሚያዩበት ዕቃ ሊደርሳቸው ይገባል።